የቁጥር ምንዛሬ፤ ሸክሙ የማን ነው?

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን። ከሒሳብ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰነባብተን የመጣን መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ዘንድሮ ለሁላችንም በሚሰጠው የኮምፒዩተር መግቢያ ትምህርት ላይ አንድ የቤት ሥራ መጣብን፤ ይኸውም በለመድነው አጻጻፍ የተጻፈን ቁጥር ተቀብሎ ወደ ሁለት፣ ወደ ስምንትና ወደ አሥራ ስድስት የሚመነዝር አጭር ፕሮግራም ጽፋችሁ አምጡ የሚል ነው። አራት ሆነን መኝታ ክፍላችን ወለል ላይ ወረቀት ዘርግተን ተቀመጥን። ከመካከላችን ግጥም የሚጽፈው ጓደኛችን፣ «ኧረ ተዉኝ! አሥራ ሦስትን 1101 ብሎ መጻፍ ለእኔ ምን ሊፈይድልኝ ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን መልስ ያለው አልነበረም።

ፕሮግራሙ አንድ ማታ ፈጀብን። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ሳምንታት ሙሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ አንከራተተን። ካነበብነውና ከተከራከርንበት ያገኘነውን ለእናንተ ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መሰለን። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩

ከሁሉ በፊት ቁጥርና የቁጥር ጽሕፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንለይ። ግቢ ውስጥ የታጎሩ አሥራ ሦስት በጎች በማናቸውም መንገድ ቢጻፉ አንዲት ግልገል አይጨምሩም፤ አንዲትም አትጎድልባቸውም። የሚለወጠው አጻጻፋቸው ብቻ ነው። አንደኛ ደረጃ ሳለን «አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት» እያልን የተማርነውን እናስታውስ። በአንዱ ቤት ውስጥ አሥር ሲሞላ ወደ ግራ ተሻግረን አንድ እንጽፋለን። ይህ አሥር መሠረታችን ነው፤ ፈረንጆቹ ቤዝ ይሉታል። መሠረቱ ሁለት ሲሆን ደግሞ ሁለት በሞላ ቁጥር እንሻገራለን፤ ቤቶቹም አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያሉ ያድጋሉ። አሥራ ሦስት ማለት እንግዲህ አንድ ስምንት፣ አንድ አራት፣ ባዶ ሁለት፣ አንድ አንድ ነው፤ 1101 የተባለው ይኸው ነው። መሠረቱ ስምንት ከሆነ 15 ተብሎ ይጻፋል። በአሥራ ስድስት መሠረት ከዘጠኝ በላይ ላሉት አሐዞች ፊደል ስለሚዋሱ በአንዲት ምልክት ያልቃል።

ዘመን አቆጣጠራችንን ከፈረንጆቹ ጋር ስናስተያይ ሰባት ወይም ስምንት ደምረን እናልፋለን። መሠረት መለወጥ ግን የመደመር ጉዳይ አይደለም፤ የመቶ ብር ኖት ይዞ ሱቅ ሄዶ በአሥርና በአምስት እንደ መዘርዘር ያለ ነው። ገንዘቡ ያው ነው፤ የኖቱ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህም ነው እኛ ነገሩን ምንዛሬ ያልነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ወደ ሁለት መሠረት ለመመንዘር ቁጥሩን ለሁለት ማካፈል፣ ቀሪውን መያዝ፣ ድርሻውን እንደገና ለሁለት ማካፈል፤ እንዲህ እያሉ ድርሻው ዜሮ እስኪሆን መሄድ ነው። 23ን እንውሰድ። 23 ለሁለት ሲካፈል 11 ደርሶ 1 ይቀራል፤ 11 ሲካፈል 5 ደርሶ 1 ይቀራል፤ 5 ሲካፈል 2 ደርሶ 1 ይቀራል፤ 2 ሲካፈል 1 ደርሶ ምንም አይቀርም፤ 1 ሲካፈል 0 ደርሶ 1 ይቀራል። ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ስናነብ 10111 እናገኛለን፤ ይኸውም 16 ሲደመር 4 ሲደመር 2 ሲደመር 1፣ ማለትም 23 ነው። ለስምንትም ለአሥራ ስድስትም አሠራሩ አንድ ነው፤ የሚለወጠው አካፋዩ ብቻ ነው።

እኛ መጀመሪያ የጻፍነው ፕሮግራም ግን ቀሪዎቹን እንደ አመጣጣቸው ከላይ ወደ ታች ያትም ነበር። 23 ብንሰጠው 11101 አለን፤ ይህ ደግሞ 29 ነው። «ሃያ ሦስት ብር ተበድሬ ሃያ ዘጠኝ ክፈል ተባልኩ» አለ ገጣሚው። መጀመሪያ የሚገኘው ቀሪ ትንሹ ቤት ሆኖ ሳለ እኛ በትልቁ ቤት አስቀምጠነው ኖሯል። ይህችን ስሕተት አንባቢ ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

፪

አሥርን መሠረት ማድረግ የተፈጥሮ ሕግ ነው ብለን እንዳንታለል ታሪክ ብዙ ምስክር አለው። በመስጴጦምያ የነበሩት ባቢሎናውያን ዛሬ ከአራት ሺህ ዓመት ግድም በፊት ስድሳን መሠረት አድርገው በሸክላ ላይ ያሰሉ ነበር። በአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የሸክላ ጽላት አለ፤ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ዘመን ይገመታል። በጽላቱ ላይ አራት ማዕዘን ተሥሎ በሰያፉ መስመር ላይ 1፣ 24፣ 51፣ 10 የሚሉ አሐዞች ተጽፈዋል። እነዚህን ከስድሳ ወደ አሥር ስንመነዝራቸው፣ 24ን ለ60፣ 51ን ለ3,600፣ 10ን ለ216,000 አካፍለን ከ1 ጋር ስንደምር፣ 1.414213 ገደማ እናገኛለን። ይህ የሁለት ካሬ ሥር ነው፤ ያለ ምንም መሣሪያ እስከ ሚሊዮንኛው ድረስ ሊደርሱበት ምንም አልቀራቸውም። ሸክላውን ያነበቡት ሊቃውንት ይህን ያወቁት ምልክቶቹን አንድ በአንድ በማንበብ ብቻ አይደለም፤ መመንዘር ነበረባቸው። መመንዘር ባይችሉ ኖሮ ጽላቱ ጭረት የበዛበት የሸክላ ስባሪ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስድሳ ከባቢሎን ጋር አልሞተም። የእስክንድርያው በጥሊሞስ በሁለተኛው መቶ ዘመን የሰማይ ስሌቱን በስድሳ ክፍልፋይ ሠራ። ደቂቃና ሰከንድም ከዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። የእኛም አገር የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከእስክንድርያው የዘመን ስሌት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ዕለትን በስድሳ ኬክሮስ ይከፍላል፤ ኬክሮስን በስድሳ ካልዒት፣ ካልዒትን በስድሳ ሣልሲት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አንድ ኬክሮስ በእጅ ሰዓታችን 24 ደቂቃ ነው፤ አንድ ካልዒት 24 ሰከንድ። ከዓመቱ 365 ዕለት የሚተርፈው ሩብ ዕለት በዚህ አነጋገር 15 ኬክሮስ ነው። አራት ዓመት ሲጠራቀም 60 ይሞላል፤ 60 ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገርና አንድ ዕለት ይሆናል፤ ጳጉሜንም ስድስት ትሆናለች። በየአራት ዓመቱ ሁላችንም የምናከብራት ያቺ ዕለት በስድሳ መሠረት የሚደረግ መሻገር ውጤት ናት ማለት ነው። መሪጌታው ይህን ከቃል ትምህርት ጋር ያውቁታል፤ እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ፕሮግራም ጻፉ እስክንባል ድረስ ልብ አላልነውም።

የግእዝ አሐዞችንም እንመልከት። መነሻቸው የግሪክ ፊደል ነው፤ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይም ይገኛሉ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ከአሥር እስከ ዘጠናም እንዲሁ፤ ከዚያ ፻ እና ፼ አሉ። ዜሮ የለም። ላይ ላዩን ሲታይ ከፕሮግራማችን ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ነገር ግን 1983ን በግእዝ ለመጻፍ ምን እናደርጋለን? ለመቶ እናካፍላለን፤ 19 ደርሶ 83 ይቀራል፤ ፲፱፻፹፫ ብለን እንጽፋለን። 123,456ንም ሁለት ሁለት አሐዝ አድርገን 12፣ 34፣ 56 ብለን ከከፈልነው በኋላ ፲፪፼፴፬፻፶፮ ይሆናል። አሠራሩ ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው፤ አካፋዩ መቶ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ባዶ ቤት ሲያጋጥም ዜሮ ስለሌለ ዝም ብሎ ይታለፋል፤ 2005 ፳፻፭ ነው። መቶ ራሱም ፻ ይባላል እንጂ ፩፻ አይባልም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እነዚህን ልማዶች ካላወቀ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ጽሕፈቱ ስሕተት ይሆንበታል። እዚህ ላይ ገጣሚው ጓደኛችን ቀና ብሎ፣ «ይሄማ ሰዋስው ነው እኮ!» አለ። እውነቱን ነው።

፫

አሁን ወደ አንድ ደስ የሚያሰኝም የሚያሳፍርም ነገር እንምጣ። በውጭ አገር የሒሳብና የፕሮግራም መልመጃ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ አለ። ሌሎች መጻሕፍት ይህንኑ «የሩሲያ ገበሬ ማባዛት» ይሉታል። 23 ጊዜ 14 ስንት ነው? በግራ በኩል 23ን እያጋመስን ትርፉን እንጥላለን፤ 23፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ በኩል 14ን እያጠፍን እንሄዳለን፤ 14፣ 28፣ 56፣ 112፣ 224። በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር ያለበትን፣ ማለትም 2 ያለበትን መስመር እንሰርዛለን። በጎደሎዎቹ ፊት የቀሩትን 14ን፣ 28ን፣ 56ንና 224ን ስንደምር 322 ይመጣል። ትክክል ነው። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ያላጠና ሰው፣ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ የሚያውቅ፣ ማናቸውንም ሁለት ቁጥር ሊያባዛ ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ የግራውን ረድፍ ደግመህ ተመልከት። 23፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1፤ ቀደም ሲል ወደ ሁለት መሠረት ስንመነዝር ያየናቸው ድርሻዎች ናቸው። ጎደሎ ማለት ቀሪው 1 ነው፤ ሙሉ ማለት ቀሪው 0 ነው። ከታች ወደ ላይ ብናነበው 10111 ይላል። በዚህ ዘዴ የሚያባዛ ነጋዴ፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም፣ ቁጥሩን ወደ ሁለት መሠረት እየመነዘረ ነው።

ይህን ባገኘንበት ማታ አንዱ ጓደኛችን ከአልጋው ዘሎ ተነሥቶ፣ «ታዲያ ኮምፒዩተርን የፈጠርነው እኛ ነና!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ክፍል ያሉት ግድግዳ ደበደቡብን። ቀዝቀዝ ስንል ግን የታሪክ ተማሪ መሆናችን ትዝ አለን። ከዚህ ጋር የሚዛመደው የማጠፍ ዘዴ በግብጽ ሪንድ ፓፒረስ በሚባለው ጥቅልል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ገልብጦታል፤ እሱም ከእሱ ከሚበልጥ ጥንታዊ ጽሑፍ መገልበጡን ራሱ ተናግሯል። በአንድ ዘዴ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ ዘዴው ምን እንደሆነ ለይቶ ጽፎ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። በስማችን የሚጠራውን ነገር ማወቃችን ያስደስታል፤ ከባዕድ መጽሐፍ መማራችን ደግሞ ያሳፍራል። ከሁለቱም አልፎ መፎከር ግን ታሪክ አይደለም።

ለይቶ ጽፎ ካስቀመጡት አንዱ ጀርመናዊው ሌብኒትዝ ነው። በ1679 ስለ ሁለት መሠረት በላቲን የጻፈው ማስታወሻ አለ፤ በዚያው ላይ በቀዳዳ ውስጥ በሚያልፉ ድብልብል ኳሶች የሚሠራ የሒሳብ መሣሪያ አስቧል። በ1703 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ስለዚሁ አሐዝ ጽሑፍ አቀረበ። በጽሑፉ ላይ፣ ፔኪንግ የነበረው ሚሲዮናዊ ቡቬ የላከለትን የቻይና ስድሳ አራት ባለ ስድስት መስመር ምልክቶች ከዜሮ እስከ ስድሳ ሦስት ያሉ ቁጥሮች ናቸው ብሎ አነበባቸው። ምልክቶቹ ግን ለቻይናውያን ሊቃውንት የጥበብና የንግር ምልክቶች ነበሩ እንጂ ሒሳብ መሥሪያ አልነበሩም። ሌብኒትዝም እንደ ጓደኛችን በሰው ጽሑፍ ውስጥ የራሱን ነገር አየ ማለት ነው። ሊቅ መሆን ከዚህ አያድንም። ያም ሆኖ አንድ ነገር በግልጽ ተናግሯል፤ ሁለት መሠረት የቁጥርን ባሕርይ ለመመርመር ይጠቅማል እንጂ ለገበያ ሒሳብ በአሥር ፈንታ ይተካ አላለም። ምክንያቱም ለሰው ልጅ ረጅምና አድካሚ ነው።

፬

ድካሙን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ በእርግጥ የመጣው ማሽኑ ሲመጣ ነው። በ1946 በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ የሚያሰላውም በአሥር መሠረት ነበር። ለእያንዳንዱ አሐዝ አሥር ደረጃ ያለው ቀለበት ተሠርቶለት ነበር። ሰው በአሥር ስለሚቆጥር ማሽኑም በአሥር ይቁጠር ተባለ፤ ማሽኑ ሰውን መሰለ። ግን ቱቦ ባሕርዩ መብራት ወይም መጥፋት፣ ማሳለፍ ወይም መከልከል ነው። አሥር መሆን ለእሱ ብዙ ወጪ ነው።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በርክስ፣ ጎልድስታይንና ፎን ኖይማን ወደፊት ስለሚሠራ ማሽን ባቀረቡት ጥናት ሁለት መሠረት ይሻላል ብለው ተከራከሩ። ተቃውሞውንም ራሳቸው አነሡት፤ ሰው በሁለት አይቆጥርም፣ መመንዘር ሊያስፈልግ ነው። መልሳቸው አጭር ነው፤ ምንዛሬ በተራ ማካፈልና ማባዛት የሚሠራ ከሆነ፣ ማሽኑ ደግሞ ማካፈልና ማባዛት የሚችል ከሆነ፣ ምንዛሬውን ማሽኑ ራሱ ለምን አይሠራውም? ዛሬ ይህ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የማሽኑ ጊዜ ውድ ነበር፤ ለሰው ምቾት ማዋል ብክነት የሚመስለው ብዙ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጡ። በካምብሪጅ ኤድሳክ የተባለው ማሽን በግንቦት 6 ቀን 1949 ሥራ ጀምሮ የ0 እስከ 99 ቁጥሮችን ካሬ አተመ። ዴቪድ ዊለር የተባለ የ22 ዓመት የምርምር ተማሪ፣ በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ማለት ነው፣ ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነባቸውን 31 ትእዛዞች ጻፈ። እነዚህ ትእዛዞች ፕሮግራም ጸሐፊው በወረቀት ጥብጣብ ላይ በተለመደው የአሥር አሐዝ የበሳውን ቁጥር እየተቀበሉ ወደ ሁለት መሠረት ይመነዝሩለት ነበር። ዘዴው ይህ ነው፤ እስካሁን የያዝከውን በአሥር አባዛ፣ አዲሱን አሐዝ ጨምር። 137 ሲመጣ መጀመሪያ 1፤ ከዚያ 1 ጊዜ 10 ሲደመር 3፣ 13፤ ከዚያ 13 ጊዜ 10 ሲደመር 7፣ 137። ማሽኑ ይህን ሁሉ በራሱ ቋንቋ፣ በሁለት መሠረት ያሰላዋል። ሰውዬው በአሥር ጽፎ በአሥር ያነባል፤ በመካከል ያለውን ወንዝ የሚሻገረው ማሽኑ ነው።

ማንቸስተር ግን ሌላ ነበር። እዚያ አለን ቱሪንግ በ1951 ባዘጋጀው የፕሮግራም ጸሐፊዎች መመሪያ መሠረት፣ ሰው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በሠላሳ ሁለት መሠረት ነው። አምስት አምስት የሁለት አሐዞች ተሰብስበው በቴሌፕሪንተር ምልክት ይጻፋሉ፤ ምልክቶቹም ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የተቀላቀሉባቸው 32 ናቸው። ዜሮ ጋደል ያለች ጭረት ስለሆነች ገጹ ዝናብ የዘነበበት ይመስላል። በዚያ ላይ ትንሹ ቤት ከፊት፣ ትልቁ ቤት ከኋላ ይጻፋል፤ እኛን 23ን 29 ያሰኘን አጻጻፍ እዚያ ደንቡ ነበር። ቱሪንግ ሰንጠረዡን በቃላችሁ አጥኑት ብሎ መክሯል። ለእሱ ቀላል ነበር፤ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ነውና። ለሌላው ግን ከባድ ቀንበር ነበር። በ1954 ቶኒ ብሩከር አውቶኮድ የተባለውን ሲያወጣና ሰዎች በለመዱት አሐዝ መጻፍ ሲችሉ፣ ከዚያ በፊት ደፍረው ያልቀረቡ ሰዎች ወደ ማሽኑ መጡ።

እኛ በዚህ ላይ ተከራክረናል። አንዳችን የቱሪንግን መንገድ ደገፈ፤ «የሚሠራበትን መሣሪያ ልቡን የማያውቅ ሰው የመሣሪያው ባሪያ ነው» አለ። ሌላዋ ጓደኛችን፣ «የግእዝ ቅኔ ካልቆጠርክ ደብዳቤ አትጽፍም ብትባል ትስማማ ነበር?» ብላ መለሰችለት። ዝም አለ። እኛም በብዛት ከእሷ ጋር ወገንን። እውቀት በሩ የሚሰፋው፣ ሊቃውንቱ በር ላይ የተከመረውን ሸክም ራሳቸው ወይም በመሣሪያቸው ሲያነሡት ነው። ዊለር በ31 ትእዛዝ ያደረገው ይህን ነው።

፭

ጽሑፋችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን ሸክሙን ማሽኑ ሲወስደው አብሮ የሚሸሸግ ነገር አለ።

ክፍልፋይን ወደ ሁለት መሠረት ለመመንዘር በማካፈል ፈንታ እናጥፋለን፤ ከአንድ ባለፈ ቁጥር 1 እንጽፍና አንዱን እንጥላለን፤ ካላለፈ 0 እንጽፋለን። አንድ አሥረኛን፣ 0.1ን፣ እንሞክር። 0.2፣ 0.4፣ 0.8፣ ከዚያ 1.6፤ አንዱን ጥለን 0.6፣ ከዚያ 1.2፤ አንዱን ጥለን 0.2። ወደ 0.2 ተመለስን! ከዚህ በኋላ ያው እየተደገመ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። በአሥር መሠረት በአንዲት አሐዝ የሚጻፍ ቁጥር በሁለት መሠረት ማለቂያ የለውም፤ ሲሶ በአሥር መሠረት 0.333 እያለ እንደማያልቀው ማለት ነው። ማሽን ደግሞ ማለቂያ የሌለው ቦታ ስለሌለው የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጣል። ባቢሎናውያኑና መሪጌታው በዚህ አይቸገሩም ነበር፤ የዕለት አሥረኛ ልክ 6 ኬክሮስ፣ የዕለት ሲሶ ልክ 20 ኬክሮስ ነው።

በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በሳውዲ አረቢያ ዳህራን የነበረ ፓትሪየት የተባለ የሚሳይል መከላከያ ሰዓቱን በሰከንድ አሥረኛ ይቆጥር ነበር። ያን አሥረኛ ወደ ሰከንድ ሲመነዝር የሚጠቀምበት 0.1 ግን በ24 የሁለት አሐዞች ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። የጎደለው በያንዳንዱ አሥረኛ ሰከንድ 0.000000095 ያህል ሰከንድ ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። መሣሪያው ሳይጠፋ ወደ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ግን ጉድለቱ ተጠራቅሞ የሰከንድ ሲሶ ያህል ደረሰ። በሰከንድ ከ1,600 ሜትር በላይ የሚበር ሚሳይል በዚያ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በየካቲት 25 ቀን 1991 የኢራቅ ስከድ ሲመጣ መከላከያው በሌለበት ቦታ ፈለገው፤ አጣው፤ አልተኮሰም። ሚሳይሉ የወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 የአሜሪካ ወታደሮችን ገደለ። ስሕተቱን የሚያርመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግሥቱ ነው።

ይህን ያነበብን ማታ ማናችንም አልቀለድንም። ያ መሣሪያ የተበላሸ አልነበረም፤ የታዘዘውን አድርጓል። የመነዘረው ሰው የት ላይ እንደቆረጠ፣ ቁራጩም ሲጠራቀም ምን እንደሚያስከትል፣ አጠገቡ ቆመው ሰዓት የሚቆጥሩት ሰዎች በሚገባ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ያልተሻገረለት ቃል ሲኖር ከግርጌ ያስታውሳል፤ አንባቢው ይወቀው ይላል። የምንዛሬ ፕሮግራም ግን አሐዙን አሳምሮ አትሞ ዝም ይላል።

እንግዲህ ለገጣሚው ጓደኛችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ምንዛሬ ትርጉም ነው፤ ስለሆነም የሒሳብ ክፍል ብቻ ጉዳይ አይደለም። በትርጉም ሁለት ጥያቄ አለ፤ ድካሙን ማን ይሸከማል፣ ሳይሻገር የቀረውንስ ማን ይናገራል? ለመጀመሪያው ማሽኑ ይሸከም ብለናል፤ ለሁለተኛው ግን ከሰው በቀር ተጠያቂ የለም።

ፕሮግራማችንን አስተካክለን አስረከብን። ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ እንዲያነብ አደረግን፤ ካልተጠየቅነው ውጭ አንድ መሥመር ጨመርን፤ ቁጥሩን በግእዝም እንዲያትም። ክፍልፋይ ሲገባበት ደግሞ ከስንተኛው አሐዝ ላይ እንደቆረጠና ምን ያህል እንደጎደለ በአማርኛ እንዲጽፍ አደረግነው። ነጥባችን መካከለኛ ነው፤ መሥመር አበዛችሁ ተብለናል። ቢሆንም ያቺን መሥመር አናወጣትም። እናንተም ተመሳሳይ የቤት ሥራ የሚደርሳችሁ ካላችሁ፣ አሐዙ ልክ መሆኑን ብቻ አይታችሁ አታስረክቡ፤ የቆረጣችሁበትን ቦታ ጻፉ።